«እማ፣ ገብቻለሁ» ይል ስለነበረው በር

ለተከበሩ የዘመናዊ በር ቁልፍ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ልጆች ካሉዎት ወጥተው በሰላም የሚመለሱ ይሁኑ። ይህን ከልቤ ነው የምልዎ፤ የቀረውን እንደሚመችዎ ይውሰዱት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብዳቤ ስለማይቀናኝ ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ሟች ልጄ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፍ ነበር። ከድርጅትዎ የገዛችውን በምስጢር ቁጥር የሚከፈት ቁልፍ በሯ ላይ ካስገጠመች በኋላ፣ በጃቫስክሪፕት ተጽፎ ቁልፉን ለማዘዝ የሚያገለግል ላይብረሪ የሚባል ሌሎች ያዘጋጁት ፕሮግራም ወስዳ፣ ጥቂት መስመር ጨመረችበት። ከዚያ ወዲህ የራሷን ቁጥር ነክታ በሩን በከፈተች ቁጥር ስልኬ ላይ «እማ፣ ገብቻለሁ፤ አታስቢ» የሚል መልእክት ይደርሰኝ ነበር። መግባቷን ካልሰማሁ እህል እንደማይወርድልኝ ታውቃለች።

ከሞተች ወዲህ በየእሑዱ አቧራ ላራግፍ ቤቷ እሄዳለሁ። የራሴ ቁጥር አለኝ፤ ግን የእሷን እነካለሁ። ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ ደጅ ቆሜ አነባለሁ፤ ከዚያ እገባለሁ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፤ እርስዎ እንዲነግሩኝ አላስቸግርዎትም።

ቅሬታዎቼ እነሆ።

አንደኛ፣ ባለፈው ወር ድርጅትዎ ለደንበኞች ደህንነት ሲል ከራሱ መተግበሪያ በቀር በሌላ ፕሮግራም ቁልፉን ማዘዝ ስለከለከለ፣ የልጄ መስመሮች ሥራ አቁመዋል። በሩ ይከፈታል፤ ዝም ብሎ ነው። ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። እናቱን «አታስቢ» የሚል ሌባ ስንት አለ።

ሁለተኛ፣ ቢሮዎ መጥቼ ተራ ጠብቄ ነገሩን ሳስረዳ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ትሁት ሠራተኛ፣ ለእናቷ ያቆያትና፣ ፈቃዱ እንዲመለስ የቁልፉ ባለቤት ራሷ ቀርባ ፊቷን ለካሜራ ማሳየት እንዳለባት ነገረችኝ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበችው፣ በጥንቃቄ አጠፈችው፣ ከዚያም እንግዲያው ከልጄ ውክልና እንዳመጣ መከረችኝ።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ በልጄ ስልክ፣ እኔ ዘንድ ነው ያለው፣ «ውድ ደንበኛችን፣ ጠፍተውብናል፤ ናፍቀውናል» የሚል መልእክት ላካችሁ። ናፍቆቱን ስለተካፈላችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ብቻዬን ከብዶኝ ነበር።

ቤቱ የኪራይ ነው። አከራዩ ታግሰውኝ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሁለት እሑድ ቀርቶኛል። ለልጄ መስመሮች የተዘጋውን መንገድ ለዚያ አንድ በር፣ ለሁለት እሑድ ብቻ ይክፈቱልኝ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ራሴ ፈትቼ አመጣልዎታለሁ። ልጄ ሁለት ጊዜ ብቻ ትግባልኝ።

ትዕግሥትዎን የፈተንኩ ከሆነ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለድርጅትዎ ብዙ የሚከፈቱ በሮችን የምመኝ፣

ውክልና የሚሰጣት ያጣች እናት

ማሳሰቢያ፦ ልጄ አሁን ያለችበትን ቤት በር የዘጋው ሞት ነው። ለእሱ አልጻፍኩም፤ የደንበኞች አገልግሎት የለውም። የእርስዎ ድርጅት ግን አለው፤ መስኮቱም ሰኞ በሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ተራ ይዤ እጠብቃለሁ።