የሐሙስ ውሃ

ታዱዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ጀሞ እንዳለ ነው፤ ታክሲው፣ ሰልፉ፣ ቁፋሮው፣ ሁሉም ትተሽው እንደሄድሽው ነው። እኔ ግን ደክሞኛል። ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። ልጃችን ብሩክቲ እሑድ እሑድ ከለቡ እየመጣች የሳምንቱን ታበስልልኛለች፤ እሷ ስትሄድ ቤቱ የባሰ ጭር ይላል። ቀሚሶችሽን ለጸሎት ቤቱ እህቶች ሰጥተናል። አንዱን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ ያንን ራሴ ሰፍቼልሽ ትከሻው የጠበበሽን። ስንት ዓመት ለበስሽው፣ ጠበበኝ ብለሽ ግን አንድም ቀን አልነገርሽኝም። ልብስ ሰፊ ሆኜ እኔም አላየሁም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ናፍቆቴን ልነግርሽ ብቻ አይደለም። ያደረግሁት ነገር አለ። በሕይወት ብትኖሪ ፊትሽን እያየሁ ልናገረው አልችልም ነበር።

ያ ደብተሬ ትዝ ይልሻል? የመጨረሻውን ዘመን ምልክት የምመዘግብበት። ጦርነት ተነሣ ሲባል እጽፋለሁ፣ ምድር ተንቀጠቀጠች ሲባል እጽፋለሁ። ሱቄን እየዘጋሁ ከኮንፈረንስ ኮንፈረንስ እዞር ነበር። ለመከራው ዘመን ብዬ ሁለት ጆንያ በሶና አንድ ካርቶን ሻማ ኮሪደሩ ላይ ደርድሬ መተላለፊያ አሳጣሁሽ። አንቺ እየሳቅሽ በጎንሽ ታልፊ ነበር። አንድ ቀን «ማቴ፣ ጌታ ሲመጣ በሶ አይደለም የሚፈልግብን» አልሽኝ። ታዲያ ምንድን ነው የሚፈልገው ብዬ ስቆጣ «መልኩን ነዋ» ብለሽ ወጥሽን ማማሰል ቀጠልሽ። እኔ ደግሞ ይቺ ሴት ነገሩ አልገባትም ብዬ አዘንኩልሽ።

የመታጠቢያ ቤታችን ጣሪያም ትዝ ይልሻል። ውሃ የሚመጣልን ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከበላያችን አራተኛ ፎቅ ያለችው ሰዓዳ ውሃ ስታፈስ እኛ ላይ ያንጠባጥባል። ስንት ጊዜ ደረጃ ላይ ጮኽኩባት። አንቺ ባልዲ ታስቀምጫለሽ፣ ግድግዳውን በጨርቅ ትጠርጊያለሽ፣ ዝም። ተዋት ብትይኝ አልሰማሁሽም። ጌታ ትዕግሥቴን የሚፈትነው በዚች ሴት ነው እያልኩ ጸሎት ላይ ሁሉ አነሣት ነበር።

ካንቺ በኋላ ባልዲውን የምደፋው እኔ ሆንኩ። እንግዲህ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ደህናውን ኮቴን ለብሼ ወደ ኮንፈረንስ ልወጣ ስል፣ ከጣሪያው ጠብ አለና ትከሻዬ ላይ አረፈ። ደሜ ፈላ። የብሎካችን የውሃ ኮሚቴ ሆኜ የቆጣሪዎቹ ሳጥን ቁልፍ እኔ ጋ እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ። ወርጄ ሳጥኑን ከፈትኩና የሰዓዳን መስመር ዘጋሁት። መልሼ ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። የዚያን ቀን ትምህርት ስለ ዝግጁነት ነበር። ከሁሉ አስበልጬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሦስት ሐሙስ አለፈ። ጣሪያው ደረቀ፤ እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም።

ከዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሰዓዳ ናት። ለጠብ ተዘጋጅቼ ከፈትኩ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሽ ማቴዎስ፣ ወገቤ እምቢ አለኝ። ከድርን የሚያነሣልኝ ሰው አጣሁ። ታዱ ነበረች የምታግዘኝ» አለችኝ።

ባሏን ከድርን ስትሮክ እንደመታው፣ ግራ ጎኑም እንደማይንቀሳቀስ አውቅ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አንቺ እየወጣሽ አብራችሁ ወንበር ላይ እንደምታስቀምጡት፣ እሷ ስታጥበው አንቺ አንሶላውን እንደምታጥቢ ግን አላውቅም። የእህቶች ኅብረት የምትሄጂ ይመስለኝ ነበር። ጠይቄሽም አላውቅም። እዚያ ታች ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ስለ ዘመን ፍጻሜ ስሰማ፣ ጣሪያዬን ያረጠበው የሕመምተኛ ገላ ውሃ ነበር።

ተከትያት ወጣሁ። ሽታው ከበሩ ተቀበለኝ። ጀርባው ቆስሏል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከታች ከጎረቤት በጀሪካን እየለመነች የምታወጣው ውሃ ለመጠጥና ለማብሰያ እንኳ በቅጡ አልበቃትም፤ ከድር ገላውን ሳይታጠብ ነው የከረመው። በደህና እጁ እጄን ያዘኝና ከኋላዬ በሩን ያይ ጀመር። አንቺን ነው የሚፈልገው። ሰዓዳ «አልሰማም ብሎኝ ነው፤ መሞቷን ስንቴ ነገርኩት» አለች። በሶም እንደምትበጠብጪለት የነገረችኝ ያኔ ነው። ካንቺ በኋላ አንደኛውን ጆንያ ባዶ ሆኖ ሳገኘው አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ ገዝቼ ነበር፤ ሳቂብኝ።

ወርጄ መስመሩን ከፈትኩት። ውሃው ግን ሐሙስ እንጂ ሰኞ አይመጣም። ከበርሜላችን በጀሪካን እየቀዳሁ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በዚህ ጉልበቴ። ከድርን ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ እኔ ከብብቱ ደግፌ ያዝኩት፣ እሷ በጆግ እያፈሰሰች አጠበችው። ኮንፈረንስ ላይ ስንት ጊዜ ያለቀስኩ ሰው እዚያ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ። አፈርኩ፣ ታዱዬ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ሳይነግሯት መሄድ ይቻል ነበር። ውሃው ወደ ላይ የሚወጣበት ግፊት አልነበረውም ብል ታምነኝ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ናትና። በር ላይ ደርሼ ተመለስኩና ወለሉን እያየሁ የዘጋሁት እኔ ነኝ አልኳት። ጨርቁን መጭመቋን አላቋረጠችም። «አውቃለሁ። የብሎኩ ዘበኛ ሲዘጉ አይቶዎት ያኔውኑ ነግሮኛል» አለች። ታዲያ ለምን ለሰው አልተናገርሽም፣ ለምን አልከሰስሽኝም ስላት ቀና ብላ አየችኝ። «ታዱ ‹ባሌ ቁጡ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ሲበርድለት ራሱ ይመጣል› ትለኝ ነበር። ጠበቅኩዎት። አልመጡም። እኔ መጣሁ።»

ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህችን ቃል ይዤ እዞራለሁ፤ ትከብደኛለች። አንቺ በሌለሁበት መልካም ስም አውጥተሽልኝ ሄድሽ፣ ሰዓዳ ያንን ስም አምና ሦስት ሳምንት ባሏን ሳታጥብ ጠበቀችኝ። እኔ ስንት ዓመት አለኝ ስል የኖርኩትን ትዕግሥት ያየሁት እሷ ላይ ነው።

ጌታ እንደሚመጣ አሁንም አምናለሁ፤ ይህን አልተውኩም። ደብተሩም አለ። ግን ምልክት ልጽፍ ስከፍተው ስለ ራሴ ምን ልጽፍ ነው እላለሁና መልሼ እዘጋዋለሁ። ሲመጣ መልኩን እኔ ላይ ያገኘው ይሆን? እንጃ። ሰው በዚህ ዕድሜው መለወጥ ያደክመዋል። ባለፈው ሐሙስ እንኳ ሰዓዳ ውሃውን እጅጌዬ ላይ ስታፈስብኝ ቱግ አልኩ፤ ከዚያ አንቺ ትዝ ብለሽኝ ዝም አልኩ። ያቺን ዝምታ አንቺ በአንድ ትንፋሽ ታደርጊያት ነበር፤ እኔን ላብ በላብ አድርጋኝ ነው የወጣችው። የቆጣሪውን ቁልፍ ለኮሚቴው መልሻለሁ። ሁለተኛው ጆንያ በሶም ወደ ሰዓዳ ቤት ወጥቷል፤ ኮሪደራችን ሰፍቷል፣ የሚያልፍበት እኔ ብቻ ሆንኩ እንጂ።

ዛሬም ሐሙስ ነው። አሁን ከላይ ወርጄ ነው የምጽፍልሽ፤ ጣሪያው ገና ያንጠባጥባል፣ ባልዲውን ደፍቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። ለሰዓዳ የነገርሻትን ሰው ገና አልሆንኩም። እስክሆን ድረስ ግን እወጣለሁ። ከድር ዛሬም እጄን ይዞ ከኋላዬ በሩን ያይ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሞታለች ብዬ ላስረዳው እሞክር ነበር፤ አሁን ትቻለሁ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር እሱ ወደ በሩ ሲያይ፣ እኔም ዞሬ አብሬው አያለሁ።

ያንቺው ማቴ