በሩን ተሸክማ ለመጣች ባለጉዳይ ስለተደረገው መስተንግዶ

ለተከበሩ አቶ ገብረክርስቶስ
የድርጅቶች ምዝገባና ስረዛ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እያልኩ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ዓይንዎ እንዳይደክም፣ በተለይም ቀኝ እጅዎ ፊርማን ከመሰለ አድካሚ ሥራ ተጠብቆ እንደ እስካሁኑ በዕረፍት እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ በእርስዎ መልካም ፈቃድ የትም ሳልሄድ እዚሁ አለሁ።

እፀገነት እባላለሁ። በስሜ ካላስታወሱኝ በሩን ይዛ የመጣችው ሴትዮ ነኝ። በአደባባይ የጻፍኩልዎ፣ በግል የላክኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ተመችቷቸው ስለተኙና ልቀሰቅሳቸው ስላልደፈርኩ ነው። አንባቢ እንዲገባው ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ፤ እርስዎ ያውቁታልና ቢያልፉት አልቀየምም።

ከጓደኛዬ ከካላዩ ጋር ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን «መድረሻ» የተባለ የስልክ መተግበሪያ የሚሠራ ድርጅት አቋቋምን። የከተማችን ሰው ቤቱን በቁጥር አይናገርም፤ «ዳቦ ቤቱን አልፈህ፣ አረንጓዴው የቆርቆሮ በር ጋ ስትደርስ ደውል» ነው የሚለው። የእኛ መተግበሪያ ይህን አነጋገር ተረድቶ መንገድ ያሳያል። ምልክቶቹን ሰፈር ለሰፈር በእግራችን እየዞርን፣ ባለሱቁንም ጥበቃውንም እየጠየቅን የሰበሰብነው እኔና ካላዩ ነን። ውቤ በረሃ ውስጥ ጽጌ የምትባል ነፍሰ ጡር ምጥ የያዛት ዕለት፣ የአምቡላንሱ ሹፌር ማንንም ሳይጠይቅ ደጃፏ ድረስ ገብቶ ወሰዳትና በሰላም ተገላገለች። ባሏ ሊያመሰግነን ቢሮአችን ድረስ ሙዝ ይዞ መጣ። ካላዩ አንዱን እየላጠ «በቃ፣ ከዚህ በኋላ ብንከስርም አይቆጨኝም» አለ። ያኔ አፉን መያዝ ነበረብኝ።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ስለ መፍረሱ እርስዎን አልወቅስም፤ የእርስዎ ክፍል የሚያፈርሰው ሌላ ነገር ነው። ዳቦ ቤቱም፣ አረንጓዴው በርም ሄዱ፤ መተግበሪያችን ግን ሰውን ወደሌለ ቦታ በትጋት መምራቱን ቀጠለ። አንድ ምግብ አድራሽ ሞተረኛ አጥር ፊት ቆሞ ደወለና «እህት፣ ኧረ ዳቦ ቤቱ የት ሄደ?» ቢለኝ እንባዬ ቀደመኝ። ደንበኞቻችን እየተንጠባጠቡ ለቀቁን፤ በመጨረሻም የእኛ ፎቅ ተራ ደረሰ። ካላዩ ባንክ ተቀጠረ። እኔም ጥቂት ካለቀስኩና ሽንፈቴን ከተቀበልኩ በኋላ ድርጅቱን ላዘጋ ወደ እርስዎ መጣሁ። ከነገሩ ሁሉ ቀላሉ መክሰር መሆኑን ያን ቀን አላወቅሁም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ/ ድርጅት ተዘጋ የሚባለው ተቆጣጣሪ በቦታው ተገኝቶ የቢሮውን በር ሲያሽግ ብቻ መሆኑን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ቢሮው እንደፈረሰ ስነግርዎ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «መፍረሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሩን ያሳያሉ» አሉኝ።

፪ኛ/ የላኩልኝ ተቆጣጣሪ አቶ መድኃኔ እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው። አጥሩ ጋ አብረን ቆመን «እዚያ ነበር» ብዬ ባዶውን አየር ሳሳያቸው፣ ለክብሬ ሲሉ አንጋጠው አዩልኝ። ከዚያም «እህቴ፣ ያላየሁትን በር አሽጌያለሁ ብዬ እንዴት ልፈርም?» አሉ። «እንግዲያው በሩ የለም ብለው ይጻፉልኝ» አልኳቸው። «የለም ለማለትም መጀመሪያ መኖሩን ያየ ሰው ያስፈልጋል» ብለውኝ በትሕትና ተሰናበቱ። እኔ እዚያው ቆሜ የራሴን መኖር ተጠራጠርኩ።

፫ኛ/ በዚህ መካከል አንድ ሆስፒታል የአምቡላንስ ስምሪቱን እንድመራለት ሊቀጥረኝ ፈለገ። ዕድሜዬን ሙሉ ስዘጋጅለት የኖርኩት ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም። የጠየቁኝ ከድርጅቴ ሥራ አስኪያጅነት መሰናበቴን የሚገልጽ ደብዳቤ ብቻ ነበር። እርስዎ ደግሞ ደብዳቤውን ያለ ስረዛ፣ ስረዛውን ያለ እሽግ፣ እሽጉን ያለ በር አይሰጡም። ሆስፒታሉ ጠበቀ፤ ከልቡ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ቀጠረ። እናቴ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ «ልጄ፣ ሥራ አለሽ ወይስ የለሽም?» እያሉ ይጠይቁኛል። በሕግ ሥራ አስኪያጅ ነኝ፤ የምሄድበት ሥራ ግን የለኝም።

የቀረውን በቁጥር ማስቀመጥ ስላልቻልኩ እንዲሁ ልተርከው።

ከቢሮአችን ሥር ልብስ ይሰፉ የነበሩት ጋሽ ሉልሰገድ፣ ፎቁ ሲፈርስ የእኛን በር ለማድቤታቸው ወስደውት እንደነበር ትዝ አለኝ። ወደ ተዛወሩበት ወደ ከተማው ዳር ሄጄ ነገሩን ስነግራቸው «ልጄ፣ ጤና ነሽ?» አሉ። ስቄ ልመልስላቸው ብል ሳቁ እምቢ አለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም፤ ተነስተው የበሩን ማጠፊያ መፍታት ጀመሩ። ማድቤታቸው ላይ አንሶላ ሰቅለው በሩን ሸኙልኝ።

ካላዩ ከባንክ አስፈቅዶ ከነከረባቱ መጣ። በሩ ላይ «መድረሻ» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ነው። አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን ደረጃዎን ስንወጣ ባለጉዳዩ ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። ኮሪደርዎ ላይ አቆምነው። እርስዎም ወጥተው «ይህ ምንድን ነው?» አሉ፤ እኔ ደግሞ ደንግጬ «በሬ ነው» አልኩ። ጸሐፊዎ ሀና ከሳቋ ጋር ስትታገል፣ እርስዎ ግን በሬም ይሁን በር ሳይገርምዎት በሩን ዞረው አዩ፤ ጽሑፉን አነበቡ፤ በጣትዎ መታ መታ አደረጉት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ጊዜ ወደድኩዎት።

«በሩ እዚህ ከሆነ ድርጅቱም እዚህ ነው» አሉ። እርስዎን ተከትለው የወጡት አቶ መድኃኔ ማሸጊያውን ከኪሳቸው ሲያወጡ እጅዎን አንስተው አስቆሟቸው፤ «አድራሻ ቀይሮ ሥራ ላይ ያለ ድርጅት አይታሸግም።» ከዚያም ሲለመኑ የከረሙትን ፊርማ ባልለመንኩዎት ወረቀት ላይ አሳረፉና፣ የ«መድረሻ» ሕጋዊ አድራሻ የእርስዎ ኮሪደር መሆኑን አጸደቁ። እጄን ጨብጠው «እንኳን ደስ አለዎት» አሉኝ። ካላዩ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ከረባቱን ፈታ። እኔ ማልቀስም መሳቅም አቃተኝ፤ ግድግዳው ሁሉ የቀረበኝ መሰለኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሕግ አክባሪ ዜጋ እንደመሆኔ በሥራ ሰዓት በሥራ ቦታዬ እገኛለሁ። ሀና ወንበር ሰጥታኛለች። ከእርስዎ በፊት እገባለሁ፤ ከእርስዎ በኋላ እወጣለሁ፤ ሲያልፉ ተነስቼ እጅ እነሳለሁ። ድርጅቴን እስኪዘጉልኝ ድረስ የምዘጋው ነገር ቢኖር መተላለፊያዎን ብቻ ነው።

ላሳዩኝ ወሰን የለሽ ትዕግሥት፣ ለዘላቂ ጉርብትናችንና ልወጣው ላልቻልኩት መልካም አቀባበልዎ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣

የማትሰናበትዎ
እፀገነት
የ«መድረሻ» ሥራ አስኪያጅ፣ በግድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለጉዳዮች የመሥሪያ ቤቱ እየመሰላቸው በሬን ያንኳኳሉ። እኔም «ይግቡ» ብዬ ጉዳያቸውን አዳምጬ የሚሄዱበትን እጠቁማቸዋለሁ። ትናንት አንዲት እናት መርቀውኝ ሲያበቁ፣ በዚህ ፎቅ ሲንኳኳ መልስ የሚሰጥ በር ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው መሆኑን ለኃላፊው ንገሪልኝ አሉኝ። ይኸው ነገርኩዎ።