ጥቁር ቅጠል በእማዬ መስኮት ሥር

መጋቢት 3
ሥራ ከመግባቴ በፊት ሦስቱን ቅጠለ ጥቁር አበባዎቼን፣ ሃይድራንጃዎቹን፣ አጠጣሁ። ቅጠላቸው ይበልጥ ጠቁሯል... ጥቁር ወይን ጠጅ። ጥላ ሲበዛባቸው አረንጓዴ ይሆኑብኛል፣ የከሰዓት ፀሐይ ደግሞ ያቃጥላቸዋል። አሮጌ አንሶላ ጋርጄላቸው ወጣሁ። እማዬ ከአልጋዋ ሆና በመስኮት ታየኛለች። "ለቅጠል ይህን ያህል!" አለች። ለማን መስሏት ነው? እግሯ ከከዳት ወዲህ የምታየው ይችን መስኮት ብቻ ነው።

መጋቢት 9
እምቡጥ! ከተከልኳቸው ሁለት ዓመት፣ ገና አሁን።

መጋቢት 11
አለቃዬ አስጠራችኝ። ሌላ ከተማ ያለው ፋርማሲያችን ኃላፊ ይፈልጋል። "ሁለቴ እምቢ ብለሻል፤ ሦስተኛው የመጨረሻ ነው" አለች። እማዬን ለማን ጥዬ? ላስብበት አልኩ።

መጋቢት 16
ታላቅ ወንድሜ ነገ ይመጣል። ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ እየኖረ፣ ከሰባት ወር በኋላ! እማዬ "ፀጉሬን አበጥሪኝ" አለች። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ... ይቅር።

መጋቢት 17
ከሥራ ስመለስ የጭስ ሽታ ተቀበለኝ። መስኮቱ ሥር ባዶ አፈር። ወንድሜ ሦስቱንም ከሥራቸው ነቅሎ አቃጥሏቸዋል።
"በሽታ መቷቸው ጠቁረዋል እኮ" አለኝ እጁን እየታጠበ። "ወደ ሌላው እንዳይዛመት ብዬ ነው።"
"ጋሼ፣ ተፈጥሯቸው ነው! እምቡጡን አላየህም?"
"በምን ልወቅ? ሌላ ትተክያለሽ።"
ወደ እማዬ ገባሁ። ሲነቅል በመስኮት ስታየው ነበር።
"ተው አላልሽውም?"
"ደስ ብሎት ሲሠራ እንዴት ላቋርጠው? ለእኔ ብሎ ወገቡ እስኪቆረጥ ደከመ። አንድ ቀን ቢመጣ ታስከፊዋለሽ?"
"እኔስ፣ እማዬ?"
"አንቺማ ሁሌ አለሽ።"
ሁሌ አለሽ... እንደ በሩ፣ እንደ ወንበሩ።

መጋቢት 18
አለቃዬን እሺ አልኳት። ማታ ለጋሼ ደወልኩ። "ካሁን በኋላ ተራው ያንተ ነው፤ እቃህን ይዘህ ግባ" አልኩት። ሳቀ። የምሬን መሆኑ ሲገባው "መቼ ልግባ?" አለ።
እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ሚያዝያ 24
የተከራየሁት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አፈር የሚባል ነገር የለም። ዛሬ እሑድ፣ ጋሼ ደወለ። ድምፁ ደክሟል።
"ልብሷን አጥባለሁ፣ መድኃኒቷን እሰጣለሁ። ሰው በመጣ ቁጥር ግን የምታወራው ስላንቺ ነው። ልጄ እንዲህ ያለ አበባ ተክላልኝ፣ ልጄ እንዲህ አድርጋልኝ... እኔንማ አታየኝም!"
ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ይልቅ መረረኝ። ለካ ልጇ ለመሆን መጥፋት ነበረብኝ።
"ስልኩን ላቀብላት? ድምጿን ልስማ እያለች ነው" አለኝ።
"ሥራ ላይ ናት በላት" አልኩት።
አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር።