ለሆዳን የተሳቀው ሳቅ

ሐሙስ፣ የካቲት 5 ቀን 2018

ዛሬ ቀናሁ። ለማንም አልናገረውም፣ እዚህ ግን ልጻፈው።

የቋንቋ ጥናት ቡድናችን ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ የሰዉን ንግግር በየግላችን የቀዳነውን አንድ ላይ አስቀምጠን በጋራ እንድንጠቀምበት ተስማምቶ ነበር። ባልደረባዬ ሆዳን የራሷን ቀድማ አስገባች። ከፍቼ ሳዳምጥ በርበሬ ሻጯ አዴ ፋጡማ ናት። የእኔ አዴ ፋጡማ! እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስቀዳት እንደ ዜና አንባቢ ነው የምታወራው። ለሆዳን ግን ትስቃለች፣ ትሳደባለች፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያ ወደ ሶማሊኛ ትገባለች። ስንፈልግ የኖርነው ይህንኑ ነበር።

ሆዳን መሃል ላይ፣ "ለሰለሞንም እንዲህ ነው የምታወሪው?" ብላ ስለ እኔ ጠየቀቻት።

"ወላሂ፣ ለእሱማ ተጠንቅቄ ነው" አለች አዴ ፋጡማ። "የአዲስ አበባ ልጅ አይደል? ሌላ ቋንቋ ብቀላቅልበት አይገባውም፤ ሰው ፊት ያፍራል ብዬ።"

ለካ ሦስት ዓመት የቀዳሁት እንግዳ አክባሪነቷን ነው።

ነገ የእኔንም አስገባ ተብያለሁ። ሆዳን ትሰማዋለች። ድሬ ከመጣሁ ጀምሮ በርበሬ ከአዴ ፋጡማ ሌላ ከማንም ገዝቼ አላውቅም። እሷ ዘንድ ግን አሁንም እንግዳ ነኝ።