ደካ ያለው መድኃኒት ቦንጋ እንዲታይ፦ የአቶ ማዕረግ ዘርትሁን የሕይወት ታሪክ

አቶ ማዕረግ ከአባታቸው ከአቶ ዘርትሁን ገብረ ሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ፍቅሩ በ1958 ዓ.ም. ዋጫ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ቦንጋ ተምረው፣ ጅማ በሒሳብ አያያዝ በዲፕሎማ ተመረቁ። በ1985 ዓ.ም. ቦንጋ በሚገኘው በአቶ ሉቅማን የመድኃኒት ማከፋፈያ ተቀጠሩ። በ1987 ዓ.ም. ከወይዘሮ ብርቅዬ ጋር ትዳር መሥርተው ማርቲ እና በእምነት የሚባሉ ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ።

ማከፋፈያው በ1990 ዓ.ም. ኮምፒውተር ሲገዛ ሥራውን የተረከቡት እርሳቸው ነበሩ። ኮምፒውተሩ ያለው ቦንጋ ብቻ ነበር። የዋጫ፣ የሺሺንዳና የደካ ቅርንጫፎች ያላቸውን መድኃኒት በወረቀት ጽፈው፣ በገበያ ቀን ለአውቶቡስ ረዳት ሰጥተው ይልኩ ነበር፤ አቶ ማዕረግም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገቡት ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የስምንት ዓመቷ ማርቲ የስኳር ሕመሟ ጠናባት፤ ቤት የነበረው ኢንሱሊን አልቆ ነበር። አባቷ ኮምፒውተሩን ከፈቱ። በየትኛውም ቅርንጫፍ እንደሌለ አሳያቸው። ስልክ አልደወሉም፤ አመኑት። ይዘዋት ወደ ጅማ ሲገሠግሡ መንገድ ላይ ዐረፈች። ኢንሱሊኑ ዋጫ ገብቶ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ገና የገበያውን አውቶቡስ እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጨረሻ ጅማ እየተመላለሱ የኮምፒውተር ትምህርት ተማሩ። ኢንተርኔት ቦንጋ ሲገባ አሮጌውን ፕሮግራም ልለውጥ ብለው ጠየቁ። አቶ ሉቅማን «የሚሠራ ማሽን ለምን ትነካለህ?» ሲሏቸው፣ «አይሠራም፣ ጋሼ» ብቻ ነበር መልሳቸው።

አቶ ሉቅማን ፈቀዱ፤ ለየቅርንጫፉም ኮምፒውተር ተገዝቶ ሥራው ሦስት ዓመት ፈጀ። የደካ ቅርንጫፍ ኃላፊው ጋሽ ከፈለኝ «ማዕረግ፣ ይሄ ኔትወርክህ እኮ ከአውቶቡሱም ባሰ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እርሳቸውም መስመር ሲጠፋ ቅርንጫፉ ሥራውን እንዲቀጥል፣ መስመሩ ሲመለስ ፕሮግራሙ መረጃውን ራሱ እንዲልክ አደረጉ። ከእያንዳንዱ መድኃኒት ጎን መረጃው የገባበት ቀንና ሰዓት ይታያል። የቆየው በቀይ ይወጣል፤ ከሥሩም «ደውለው ያረጋግጡ» ይላል።

ሐምሌ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ሳንባቸው ውስጥ ደም ረግቶ ቦንጋ ሆስፒታል ገቡ። የታዘዘላቸው መርፌ ቦንጋ አልነበረም። ልጃቸው በእምነት የአባቷን ፕሮግራም ከፍታ ደካ እንዳለ ወዲያው አየች። ስትነግራቸው «ሰዓቱን አየሽው?» አሏት። «ዛሬ ጠዋት የገባ ነው፣ አባዬ፤ ደውያለሁም» አለቻቸው። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው እጇን ያዙ።

ጋሽ ከፈለኝ መርፌውን ይዘው በዚያው ሰዓት ተነሡ። የክረምቱ ጭቃ መኪናውን ያዘው። አቶ ማዕረግ በማግስቱ ጠዋት፣ በ51 ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። መርፌው ከቀትር በኋላ ደረሰ።

ወይዘሮ ብርቅዬ መርፌው ወደ ደካ እንዳይመለስ፣ ቦንጋ መደርደሪያው ላይ እንዲቀመጥ ለመኑ። በእምነት እያለቀሰች ፕሮግራሙ ላይ አስገባችው። ይህ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ መርፌው ከዋጫም፣ ከሺሺንዳም፣ ከደካም ይታያል፤ ለሚፈልገው ሰው አለ።

አቶ ማዕረግ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ልጃቸውን በእምነትን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ለቀሩት መጽናናትን ይስጥ፤ የደከመች ነፍሳቸውንም በምሕረቱ ተቀብሎ ከማርቲ ጋር ያገናኛት።