ሥሩ የቀረ ሰርዶ

ጫልቱዬ፣ የኔ ቁጡ ሚስት፣

ከሄድሽ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ፊደሌ ተጣሟል፤ እጄም እንደዚያው ነው፣ ሳቂብኝ።

ዳለቻዋ ላም ወልዳለች። ጥጃዋ እልኸኛ ስለሆነች በስምሽ ልጠራት ብል ልጆቹ ተቆጡኝ። የድንች ማሳችንን ግን ሰርዶ በላው።

ፋርማሲ የምትማረው የልጅ ልጃችን ሲፈን ባለፈው እሑድ መጥታ አብራኝ ስታርም ስለ በሽታሽ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ የጡትሽን እብጠት ሲያጠፋው ጥቂት ሴሎች ተደብቀው ይተርፋሉ አለችኝ። የካንሰር ግንድ ሴል ይሏቸዋል፤ እንደ ሰርዶ ሥር ቆይተው ያበቅላሉ። አሁን ተመራማሪዎች መድኃኒቱን በዓይን በማይታይ ከረጢት ጠቅልለው፣ ከረጢቱ እነዚያን ሴሎች በምልክታቸው ፈልጎ እዚያው እንዲፈታ እየሞከሩ ነው። ገና በአይጥ ላይ ነው አለች። ለአይጥ የደረሰው ለጫልቱ ሳይደርስ ቀረ ብዬ ልቀልድ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ። እብጠቱ ጠፋ የተባለ ቀን ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ሊመለስ ይችላልና በየሦስት ወሩ አምጣት ብሎኝ ነበር። ለበሽተኛ ክፉ አይነገርም ብዬ ዋጥኩት። ሚኒባስ ውስጥ፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ ወተቱን ሳትሸጪ ለባልሽ እንድታጠጪ አዟል አልኩሽ። በክርንሽ ጎሸም አድርገሽኝ እስከ ሱሉልታ ሳቅሽ።

ቀጠሮው ሲደርስ ምክንያቱን ሳልነግርሽ ሐኪም ቤት ደርሰን እንምጣ ብልሽ፣ የድርቆሽ አጨዳ ነው አልሽ፤ እሺ አልኩ። ወገብሽን ሲያምሽም እርጅና ነው ብዬ አሾፍኩብሽ። ሲፈን ብትሄጂም ላትድኚ ትችዪ ነበር ትለኛለች። ልታጽናናኝ ነው፤ አልጽናናም። ብነግርሽ ኖሮ አጨዳውን ትተሽ ትሄጂ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሆዴን አሞኝ ልጃችን ቶላ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ እሱን ለብቻው ጠራው። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ መኪና ውስጥ ግን ቀልድ ያወራልኝ ጀመር። ታውቂዋለሽ፣ ቶላ ቀልድ አይችልም። እኔም እስከ ቤት ድረስ ሳቅኩለት።

ጫልቱዬ፣ ያን ቀን አንቺም አውቀሽ ነው የሳቅሽልኝ?

ሳቅሽን አልረሳውም። በቀረችኝ ጊዜ ሁሉ ስሰማው እኖራለሁ።

ያው ነገረኛው ባልሽ