ሊንኩን ተጭኜ እየጠበቅሁ «አልቀረበችም» ተብሎ ስለተወሰነብኝ እገዳ

ቀን፦ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቃሌ ሳይሰማ የተጣለብኝ የስድስት ወር እገዳ ተነሥቶ እንደገና እንድቀርብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሰብሳቢ፣

1. እኔ አመልካች በጤና ጣቢያችን ለሃያ ሁለት ዓመት ያዋለድኩ ነርስ ነኝ። ኮሚቴው ጥር 28 ቀን «ባለሙያዋ በቀጠሮዋ ስላልቀረበች ክሱን እንዳመነች ተቆጥሯል» በማለት የሥራ ፈቃዴን ለስድስት ወር አግዷል። ክሱን አላመንኩም። ከቀጠሮዬም አልቀረሁም።

2. ክሱ «ተረኛ ሆና ሳለ የሥራ ቦታዋን ጥላ ሄዳለች» የሚል ነው። መሄዴን አልክድም። ኅዳር 12 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አንዲት እናት ሴት ልጅ ተገላገለች። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ፤ ደሙም አልቆም አለ። ግሉኮስ ሰካሁላት፣ መድኃኒቱን ወጋኋት፣ ማድረግ የሚገባኝን ሁሉ አደረግሁ። ለአምቡላንስ ብደውል «ሌላ ታማሚ ይዟል፤ ይጠብቁ» ተባልኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ያቺ እናት ከንፈሯ ነጥቶ «ሲስተር፣ ልጄን ለእናቴ ስጪልኝ» ስትለኝ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻልኩም።

ከግቢያችን ፊት ለፊት ሲሚንቶ የሚያራግፍ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ሹፌሩን «ሆስፒታል አድርሰን» ስለው ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ግማሹ ሲሚንቶ ገና ላዩ ላይ እያለ ሞተሩን አስነሣ። ጤና ጣቢያውን ለካርድ ክፍሏ ባልደረባዬ አደራ ብዬ፣ እናትየዋን ጋቢናው ውስጥ አጋድመን፣ ጨቅላዋን ደረቴ ላይ አስሬ፣ መንገዱን ሙሉ በሁለት እጄ ማህፀኗን እየጫንኩ ሄድን። የተቀበለን ሐኪም «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አታገኟትም ነበር» ብሏል። የጽሑፍ ማስረጃው ተያይዟል። ሁለቱም በሕይወት አሉ። ነገም እንዲያ ያለ ነገር ቢገጥመኝ ያንኑ አደርጋለሁ፤ ይህንንም በኮሚቴው ፊት ለመናገር ነበር የተዘጋጀሁት።

3. መጥሪያው በስልኬ ደረሰኝ። «ጉዳይዎ የሚሰማው በቪዲዮ ነው፤ በሰዓቱ ሊንኩን ይጫኑ» ይላል። ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከአንድ ስልክ ቁጥር በቀር ሌላ አንድም ቃል የለውም። በቀጠሮዬ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሊንኩን ካርድ ክፍል ወዳለው ኮምፒውተር አስተላልፌ ፊቱ ተቀምጬ ነበር። ሹፌሩ ሸሚዙን አስተኩሶ ለምስክርነት አጠገቤ ተቀምጧል። ያቺ እናትም ልጇን እያጠባች በሌላው ጎኔ ነበረች። ልክ የቀጠሮው ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሊንኩን ተጫንኩ። ነጭ ገጽ መጣና በዚያው ቀረ። ደግሜ ተጫንኩ፤ ያው ነው።

«ቀስ አድርጊው ሲስተር፣ ደንግጦ ይሆናል» አለኝ ሹፌሩ።

እናትየዋ በበኩሏ «እነሱ እያዩን ቢሆንስ?» ብላ ጡቷን ሸፈነች።

ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ መጥሪያው ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ።

«ሊንኩን ይጫኑት» አለኝ ያነሣው ሰው።

«ተጫንኩት እኮ።»

«እንደገና ይሞክሩ።»

«አሥር ጊዜ ሞከርኩ፤ አይከፍትም።»

«እኛ ጋ ክፍት ነው» ብሎ ዘጋው። መደወሌን የሚያሳየው የስልክ ዝርዝር ተያይዟል።

4. ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሮቻችንን የሚጠግነውን፣ እኛ «ዶክተር ገመድ» የምንለውን ባለሙያ አስጠራሁ። ሊንኩን ገና ሲያየው ሣቀ። እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ የተላከልኝ ሊንክ ተራ የድረ ገጽ አድራሻ አይደለም። ድረ ገጽ የምንከፍትበት ብሮውዘር ራሱ አይከፍተውም፤ አፕ ለሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው የሚያስረክበው። አፑ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ፣ ብሮውዘሩ «ይህ ገጽ ሌላ ፕሮግራም ሊከፍት ነው፤ ይፈቅዳሉ?» ብሎ ይጠይቅና ያስረክባል። አፑ ከሌለ ተረካቢ የለም። የእኛው ብሮውዘር ደግሞ ተረካቢ ማጣቱን እንኳ ሳይናገር ዝም ይላል።

«መጫኔን ለኮሚቴውስ አይነግርም?» አልኩት።

«አይነግርም ሲስተር። የትኛው ፕሮግራም እንዳለሽና እንደሌለሽ የከፈትሽው ድረ ገጽ ሁሉ እንዳይሰልልሽ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው» አለኝ።

አፑን ኮምፒውተሩ ላይ ለመጫን አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ያንኑ ሊንክ ተጫንኩ፤ ጥያቄው መጣ፤ ፈቀድኩ፤ ተከፈተ። «ስብሰባው ተጠናቋል» ይላል።

5. ክቡር ሰብሳቢ፣ ብሮውዘሩ ይህን የሚያደርገው ለዜጋው አስቦ ነው፤ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ኮሚቴውን ነው። ቤቱ ተኝቶ የዋለውና በራችሁን ሲያንኳኳ የዋለው ሰው መዝገባችሁ ላይ አንድ ሆነው ነው የሚታዩት፤ ይህን እያወቃችሁ ወይም ለማወቅ ሳትደክሙ ዝምታን እንደ እምነት ቃል ቆጠራችሁት። አፕ እንደሚያስፈልግ አልጻፋችሁልኝም። በብሮውዘሩ ብቻ የሚገባበት መንገድ አላበጃችሁም። ደውዬ ስጮህ የሰማኝ ሠራተኛችሁም መዝገቡ ላይ አንድ መስመር አላሰፈረም። ውሳኔው የካቲት 11 ቀን ሲደርሰኝ በማግሥቱ በአካል መጣሁ። ጸሐፊዋ ቀና ብለው እያዩኝ «መቅረብ የነበረብዎት በሊንኩ ነው» አሉኝ።

6. ስለዚህ፦
ሀ. «አልቀረበችም» የሚለው ቃል ከመዝገቤ እንዲሰረዝ፤
ለ. እገዳው ተነሥቶ እኔና ሁለቱ ምስክሮቼ በአካል እንድንሰማ፤
ሐ. ከእንግዲህ በሚላክ መጥሪያ ሁሉ ላይ ምን አፕ እንደሚያስፈልግ፣ ሳይከፈት ቢቀር ደግሞ ለማን እንደሚደወል እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ አይደለም፤ ከእኔ ቀጥሎ ነጭ ገጽ ፊት ለሚቀመጠው ሰው ነው።

7. ውሳኔው ከደረሰኝ ጀምሮ ማዋለጃ ክፍል አልገባሁም፤ ካርድ እያወጣሁ ነው። ባለፈው ሐሙስ የአንድ ሕፃን ትከሻ አልወጣ ብሎ ተተኪዋ ነርስ ስትጣራ፣ በሩ ላይ ቆሜ በቃል መራኋት፤ ሕፃኑም በሰላም ወጣ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እገዳውን ማክበር ለእኔ ይህን ይመስላል፤ አክብሬዋለሁ።

ፈቃዴን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አምጥቼ እንድመልስ የሚለውን የውሳኔውን ትእዛዝ ግን አልፈጸምኩም፤ አልፈጽምምም። ተሰምቼ ጥፋተኛ ከተባልኩ በገዛ እጄ አመጣዋለሁ። ሳይሰማኝ የሚፈልገው ካለ፣ ጤና ጣቢያው ድረስ መጥቶ፣ ወረፋ የያዙት እናቶች እያዩት፣ ከተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ራሱ ያውርደው።

ለጽሕፈት ቤቱ ካለኝ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ